ዊልቸሩ፣ ቁልቁለቱና ባትሪው፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

እንዴት ሰነበታችሁ? በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኤሌክትሪክ ዊልቸር ናቸው። ሰዉ «የባትሪ ዊልቸር» ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ጎንደር ሜዳ ከተማ አይደለችም። ከፒያሳ ትንሽ ወጣ ካላችሁ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። ከዊልቸሩ ጋር የሚመጣው መመሪያ ደግሞ ለጥ ያለ መንገድ ላለው አገር የተጻፈ ነው የሚመስለው፤ ኮብልስቶን የለበት፣ ባጃጅ የለበት፣ መብራት መጥፋት የለበት። እኔ ራሴ በባትሪ ዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው፣ ስለዚህ የምመልሰው ለዚህ ከተማ እንዲሆን አድርጌ ነው። አንዳንዱን መልስ አስረዝሜዋለሁ። ያስረዘምኩት ሰው የሚጎዳበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ስትሮክ ካገኛት ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ የባትሪ ዊልቸር ላከላት። ግቢ ውስጥ በቀኝ እጇ ጥሩ አድርጋ ትነዳዋለች። ቤታችን ወደ ቁስቋም በሚወጣው በኩል ዳገት ላይ ነው። አሁን ቤተ ክርስቲያን ራሴ ካልሄድኩ ትላለች። እኔ ቁልቁለቱን ሳየው ልቤ ይርዳል። ምን ላድርግ? (ልጇ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልብህ መራዱ ልክ ነው። ግን እናትህን ቤት አታስቀምጣት። የሚፈራውን ነገር ለይተን እንወቀው።

መጀመሪያ ዊልቸሩ እንዴት እንደሚቆም እወቅ። በእግር የሚረገጥ ፍሬን የለውም። ጆይስቲኩን (በእጅ እየተገፋ የሚነዳበትን ዘንግ) ስትለቀው ሞተሩ ራሱ ያዘገየዋል፣ ከቆመ በኋላ ሞተሩ ላይ ያለው ፍሬን ይይዘዋል። በአጭሩ፣ ለማቆም የሚያስፈልገው እጅን ማንሳት ብቻ ነው። ችግሩ ሰው ሲደነግጥ እጁ ይጨብጣል እንጂ አይለቅም። ስለዚህ ቁልቁለት ከማየቷ በፊት ሜዳ ላይ አለማምዳት፤ በዝግታ እየሄደች ሳለ ድንገት «እማዬ ቁሚ!» በላት፣ እጇን ብድግ ታድርግ። ሳታስበው የምታደርገው እስኪሆን ድረስ ደጋግሙት። እየሄደ ሳለ ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ግን አይሆንም። ዊልቸሩ በአንዴ ቀጥ ይላል፣ እሷ ወደፊት ትወረወራለች።

ሁለተኛው፣ ሞተሩ አጠገብ ወይም ከኋላ ያለው ማንሻ ነው። ባትሪ ሲያልቅ በእጅ መግፋት እንዲቻል ሞተሩን ከጎማው የሚለየው እሱ ነው። እሱ ተለቆ ከሆነ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ቀላሉ የሚታጠፍ የባትሪ ዊልቸር ብቻውን ከ20 ኪሎ ገደማ ይጀምራል፣ ከባዱ ከመቶ ያልፋል። በላዩ ላይ ሰው አለ። ቁልቁለት ላይ ከተለቀቀ ሁለት ጎረምሳም አይዘውም። ጠዋት ከመቀመጧ በፊት ማንሻው ወደ ቦታው መመለሱን እይ። የሰፈር ልጆች ሊገፉት ብለው አንስተውት ረስተውት ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ ደግሞ በጭራሽ አይነካም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። በዓይን አትገምተው፣ ለካው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላና የግንበኛ ውሃ ልክ ተዋስ። የጣውላውን አንድ ጫፍ በላይኛው በኩል መሬት አስነካው፣ ሌላኛውን ጫፍ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ድረስ ከፍ አድርገህ ያዝ። ከዚያ ከጫፉ እስከ መሬት ያለውን በሜትር ለካ። 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ለዊልቸር መወጣጫ በብዙ አገር የሚታወቀው ልክ ነው፤ 1 ሜትር ከፍታ በ12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከሆነ 6 ዲግሪ ደርሷል። 17 ተኩል ከሆነ 10 ዲግሪ። አሁን የዊልቸሩን መመሪያ አውጣና ስንት ዲግሪ እንደሚችል እይ፤ ብዙዎቹ ከ6 እስከ 10 ባለው ውስጥ ነው የሚጽፉት። መንገዱ ከተጻፈው ካለፈ ክርክር የለውም፣ በዚያ አትወርድም። ሌላ መንገድ ካለ በዚያ ዙሩ። ከሌለም ያቺን ቁራጭ መንገድ በመኪና ታልፋለች፣ ከታች ሜዳው ላይ ዊልቸሯ ላይ ትቀመጣለች። ያ ሽንፈት አይደለም።

የሚቻል ቁልቁለት ከሆነ ፍጥነቱ መጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ይሁን። መታጠፍ ካለባት ከቁልቁለቱ በፊት ሜዳው ላይ ታጥፋ ትጨርስ፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ትውረድ። በእግር የሚወርዱ ሰዎች ቁልቁለት ሲከብዳቸው ሰያፍ ይሄዳሉ፣ ለጉልበት ይቀላል። ዊልቸር ግን ሰያፍ ከሄደ በጎኑ ይገለበጣል። ጀርባዋ መደገፊያውን ይንካ፣ ቀበቶዋ ዳሌዋ ላይ ጠበቅ ብሎ ይታሰር፣ እግሮቿ መርገጫው ላይ ይሁኑ። ስትወጣ ደግሞ የሚያሰጋው ወደ ኋላ መገልበጥ ነው። ከኋላ እጀታው ላይ የተንጠለጠለ ዘንቢል ወይም ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ አምስት ኪሎ ድንች ሚዛኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ዕቃው ከመቀመጫው ሥር ካለው ቦታ ወይም ጭኗ ላይ ይሁን። ከኋላ ያሉትን ትናንሾቹን ጎማዎች «ጠጠር ያይዛሉ» ብሎ የሚፈታ ሰው አለ። አትፍቱ። መገልበጥ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። አንተም ከጎኗ ሂድ። ስትወጣ ከኋላዋ፣ ስትወርድ ከፊቷ አትቁም፤ ቢንሸራተት የሚያገኘው አንተን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዳገቱ በላይ የምሰጋው እሱን ነው። ግራ ጎኑ የደከመ ሰው አንዳንዴ ዓይኑ ደህና ሆኖ ሳለ በግራ በኩል ያለውን ነገር ልብ አይለውም። ስትበላ ተመልከታት። ከትሪው በግራ በኩል ያለውን ወጥና እንጀራ ሳትነካ «ጨረስኩ» ትላለች? ስታልፍ የበሩን ግራ መቃን ትመታለች? ግራ እጇ ተንሸራቶ ጎማው አጠገብ ሲንጠለጠል ሳታውቅ ትቀራለች? እንዲህ ካለ ገና መንገድ አትውጣ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውሰዳት፣ ዊልቸር ልትነዳ እንደሆነ ንገራቸውና ይመርምሯት። ወደ ግራ የምታዘነብል ከሆነም የጎን ድጋፍ ያስፈልጋታል፤ ትራስ ብቻ ሸጉጦ መላክ ኮብልስቶን ላይ አያዛልቅም።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ዊልቸር ከውጭ የመጣ ነው። ቻርጀሩን በሰካን በደቂቃ ውስጥ ሸተተና ሞተ። ጠጋኙ «ባትሪውም ደክሟል፣ የመኪና ባትሪ ግዙና አስርላችኋለሁ» ይላል። እናድርገው? (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ እትዬ፣ የመኪና ባትሪውን አይግዙ። ቻርጀሩን ግን ገልብጠው ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡልኝ። «100–240» የሚል ከሆነ እኛ አገር ይሠራል። «110» ወይም «115» ብቻ ካለ የእኛ 220 ቮልት ገድሎታል። አንዳንዱ ላይ በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ የሚገፋ መቀየሪያ አለ፣ 115 ላይ ሆኖ ከመጣ ወደ 230 ይገፋል፤ ይህ የሚደረገው ከመሰካቱ በፊት ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ላይ ይህን ሳያዩ አይሰኩ። አዲስ ቻርጀር እስኪያገኙ፣ 110 ብቻ የሚል ቢሰጥዎ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ቻርጀሩ ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ የሚችል ይሁን።

ወደ ባትሪው። አብዛኛው የባትሪ ዊልቸር ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተያይዘው 24 ቮልት ሆነው ነው የሚያንቀሳቅሱት። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት በአንዴ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው የተሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲያልቅ አይደለም። ለዊልቸር ሲጠቀሙበት ቶሎ ይሞታል። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ አሲዱ ቁልቁለት ላይ ሊፈስ ይችላል፣ ቻርጅ ሲደረግም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። የሚፈልጉት የታሸገ፣ ለሶላር ወይም ለዊልቸር ተብሎ የሚሸጥ፣ ቀስ ብሎ የሚያልቅና ደጋግሞ የሚሞላ ነው። መጠኑና «አምፒር አወር» (Ah፣ ባትሪው የሚይዘው መጠን) የሚለው ቁጥር ከድሮው ጋር ይመሳሰል። ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየሩ። አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ካደረጉ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወድቃል።

አሞላሉ ቀላል ነው። በወጣ ቁጥር ማታ ይሰካ፣ እስኪሞላ ይተው፤ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል። እስኪያልቅ መጠበቅ ለእነዚህ ባትሪዎች ጥሩ አይደለም፣ ባዶውን ሳምንታት ማስቀመጥ ደግሞ ይገድላቸዋል። መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ይንቀሉ፣ ሲመለስ ትንሽ ቆይተው ይሰኩ፤ አመጣጡ ኃይለኛ ነው። ስታብላይዘር ካለዎት ለፍሪጁ ብቻ አያድርጉት። ቻርጀሩ ይሞቃልና ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አይሸፈንበት፣ ከሰል ከሚቀጣጠልበትም ይራቅ። ዊልቸሩን መውጫ በሩ ላይ አቁመው ሌሊቱን አይሰኩ፣ እሳት ቢነሳ በሩን የዘጋው እሱ ይሆናል። ባትሪው ሊትየም ከሆነ ደግሞ ከራሱ ቻርጀር ሌላ በምንም አይሞላ።

የባትሪው መጠቆሚያም በእኛ ከተማ ያታልላል። ቤትዎ ከላይ ከሆነ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ መብራቶቹ አይጠፉም፣ ሞተሩ ብዙም አልለፋም። ሲመለሱ ዳገቱ ይበላዋል። ስለዚህ «ግማሽ ሲሆን እመለሳለሁ» የሚለው ሂሳብ ለሜዳ አገር ነው። ከታች ሆነው ግማሽ ካዩ ዘግይተዋል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሁለቱ ወንድሞቼ በጣም ይወዱኛል፣ ግን ዊልቸሬን አያምኑትም። እየሄድኩ ከኋላ ይይዙታል፣ መንገድ ስሻገር ጆይስቲኩን ይነጥቁኛል። አንዴ ተጨቃጭቀን እናቴ አለቀሰች። እነሱ «ለደህንነትሽ ነው» ይላሉ። እውነት ብቻዬን መሄድ አደገኛ ነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን መልስ ለወንድሞችሽ አንብቢላቸው።

ወንድሞች፣ ዊልቸሩ አንድ ነጂ ነው ያለው። ከኋላ ስትይዙት ሞተሩ ወደ አንድ በኩል ይሄዳል፣ እናንተ ወደ ሌላ ትጎትታላችሁ፣ የፊት ጎማዎቹ ይዞራሉ፣ ዊልቸሩ ወደማታስቡት ይታጠፋል። ጆይስቲክ ላይ ሁለት እጅ ማለት መሪ ላይ ሁለት ሾፌር ማለት ነው። አስፋልት መሃል ስትነጥቋት ደግሞ መንገዱን ታያላችሁ እንጂ የጎማዋን ጠርዝ አታዩም፤ ያንን ለይታ የምታውቀው እሷ ናት። የምትፈሩት ነገር ካለ በቃል ንገሯት። «ቁሚ» የምትል አንድ ቃል ይበቃል፣ እጇን ታነሳለች። ፍርሃታችሁ ከፍጥነቱ ከሆነ ባለሙያ ዘንድ ወስዳችሁ ከፍተኛውን ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል፤ አብዛኛው ዊልቸር በፕሮግራም ይስተካከላል። እሷ ከተስማማች ማለቴ ነው። ሰውነቷ ነው፣ እግሯ ነው።

እህቴ፣ ለአንቺም ልናገር። ብቻዬን ልሂድ ስትይ ደስ ይለኛል፣ ግን እምነታቸውን በሚያዩት ነገር አግኝው። ከቤት እስከ ክፍል ያለውን መንገድ በጸጥታ ሰዓት፣ እሑድ ጠዋት ይሁን፣ አንደኛው ወንድምሽ ዝም ብሎ ከጎንሽ እየተከተለ ሂጂው። የትኛው ቱቦ ክዳን እንደተሰበረ፣ የትኛው የእግረኛ መንገድ በድንገት በደረጃ እንደሚያልቅ፣ የት ላይ ባጃጆች ተኮልኩለው መንገድ እንደሚዘጉ አብራችሁ ታያላችሁ። የመንገዱ ጠርዝ ከ5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ካለፈ አብዛኛው ዊልቸር አይወጣውም። የሚወጣውም ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱም ጎማ እኩል ሲነካ ነው። ሰያፍ ከገባሽ አንዱ ጎማ ይንጠለጠላል። ዜብራ ላይ ስትሻገሪ ቁመትሽ ከቆመ ባጃጅ በታች እንደሆነ አትርሺ፤ ከጀርባው ብቅ ስትይ የሚመጣው ሾፌር አላየሽም። ወጣ ብለሽ ቁሚ፣ ዓይኑን ያዢው፣ ከዚያ እለፊ። ለማታ መደገፊያው ጀርባ ላይ አንጸባራቂ ይለጠፍበት፣ ብርቱካናማ ሰደርያም ይሠራል።

ሌላው፣ ቆም ባልሽ ቁጥር አጥፊው። ሰው ሰላም ስትይ፣ ቡና ላይ ስትቀመጪ፣ ወደ አልጋ ስትዘዋወሪ። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። አንዱ አደጋ ዊልቸሩ በርቶ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ የሚደርሰው ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ ጆይስቲኩን ይይዘዋል፣ ወደፊት ይገፋዋል፣ ዊልቸሩ ይነዳል፣ ጠረጴዛው ይበልጥ ይጫነዋል። እጅ መሃል ገብቶ ማንሳት አይቻልም። በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ደግሞ ከፊትሽ ረከቦት አለ፣ ጀበና አለ፣ የጋለ ከሰል አለ። የጎረቤት ሕፃን «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ጆይስቲኩን ቢነካውስ? ማጥፊያዋን መጫን የሰኮንድ ሥራ ናት። እግርሽ ሙቀት የማይሰማው ከሆነ ከምድጃው ጋር ያለሽን ርቀት በዓይንሽ ለኪ፣ በቆዳሽ አትጠብቂው።

ጥያቄ፦ ነጠላዬ ጎማው ውስጥ ገብቶ ተጠቀለለ፤ አንገቴን ሊያንቀኝ ነበር። ነጠላ መልበስ ልተው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ኧረ አይተዉት እማማ! ጫፉን ብቻ ያሳጥሩት። አንዱን ጫፍ ከጭንዎ ሥር ይቀመጡበት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ከመወርወር ይልቅ ደረትዎ ላይ አጣፍተው በመርፌ ቁልፍ ይያዙት። አንገት ላይ አይቋጥሩት። ጋቢ ከሆነ ጉልበትዎ ላይ ታጥፎ ከሁለቱም ወገን ከጎንዎ ተወትፎ ይቀመጥ። እንደገና ከተጠቀለለ መጀመሪያ እጅዎን ከጆይስቲኩ ያንሱ፣ ያጥፉ፣ ከዚያ ሰው ይፍታዎት። ወደ ኋላ ነድቼ ልፍታው አይበሉ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ምን ይደረጋል? ዝናቡ ሳይታሰብ ነው የሚወርደው።

መልስ፦ ውሃ የሚጠላው ጆይስቲኩ ነው። ወፈር ያለ ግልጽ ላስቲክ ከነማሰሪያው ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ይኑር፣ ጠብታ ሲጀምር ጆይስቲኩን ከነእጅ ይሸፍነው። ጎርፍ የሚሄድበትን መንገድ አትሻገሩ፣ ጥልቀቱ አይታይም፣ ሞተሩና ባትሪው ደግሞ ከታች ነው ያሉት። እርጥብ ኮብልስቶንና ጭቃ የያዘ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ቢይዝም ጎማው ይንሸራተታል። ከራሰ ማድረቅ ነው እንጂ ወዲያው ቻርጅ ላይ መሰካት አይቻልም። ለመታጠብም ጨርቅ እንጂ የመኪና ማጠቢያ ጎማ አይደለም። ኮብልስቶኑ ብሎን ያላላል፤ በየጊዜው ዳዶዎቹን የሚያጠብቅላችሁ ሰው ይኑር፣ በተለይ የእግር መርገጫውን። የሚነፋ ጎማ ከሆነ ሁለቱም እኩል ይነፉ፣ አንዱ ከጎደለ ዊልቸሩ ወደዚያ ይጎትታል።

ጥያቄ፦ በየወሩ ከአዘዞ ለሕክምና ወደ ከተማ እመጣለሁ። ዊልቸሬ ባጃጅ አይገባም። አንድ ፒክአፕ ያለው ጎረቤት «ላዩ ላይ ተቀምጠህ ከኋላ ልጫንህ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደዚያ አይጫኑ። ፍሬን ሲይዝ ዊልቸሩ ይንሸራተታል፣ እርስዎም ከነዊልቸሩ። እርስዎ ጋቢና ውስጥ ወንበር ላይ ቀበቶ አስረው ይቀመጡ፣ ዊልቸሩ ብቻውን ከኋላ ይጫን። ሲጫን ይጠፋል፣ የሞተሩ ማንሻ ግን ወደ ቦታው ተመልሶ መሆን አለበት፣ ያኔ ጎማው ራሱ ቆልፎ ይይዛል። በገመድ የሚታሰረው ብረቱ ላይ ነው፣ ከአራቱም ማዕዘን። የእጅ መደገፊያውና የእግር መርገጫው ላይ ካሰሩት ይነቀላል። በሚያነሱበትም ጊዜ እንዲሁ። ሁለት ሰው የእጅ መደገፊያውን ይዞ ሲያነሳ እጁ ላይ ይቀርና ዊልቸሩ እግር ላይ ይወድቃል። ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይውጣ፣ ብዙ ኪሎ ይቀንሳል። የተሻለው ደግሞ ብረት ቤት ሄደው ከላሜራ ሁለት መወጣጫ ማሠራት ነው። ለፒክአፕ ግን ረጅም ካልሆነ ቀጥ ያለ ገደል ይሆናል፤ ዊልቸሩ ባዶውን፣ አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ጆይስቲኩን በዝግታ እየገፋ ይውጣ። ማንም ሰው ላዩ ላይ አይቀመጥ፣ ማንም ከታች አይቁም።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ መሄድ እፈልጋለሁ። ሰዉ ግን...

መልስ፦ ይሂዱ፣ ደስ ይበልዎ። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ሲወርዱ ሰልፉ መሃል አይግቡ፣ ሕዝቡ ሲገፋ ዊልቸር ቦታ አይለቅም፣ የሚወድቅብዎት ሰው ይጎዳል፣ እግሩ ከጎማው ሥር የሚገባም አለ። አስቀድመው በማለዳ ይድረሱ፣ ጀርባዎን ለግድግዳ ወይም ለአጥር ይስጡ፣ አጥፍተው ይቀመጡ። ጥር 11 ጠዋት ጸበሉ ሲረጭ ጆይስቲኩ ላይ ያ የክረምቱ ላስቲክ ይኑር። ለረጅም ሰዓት ስለሚቀመጡ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ዳሌዎን በክንድዎ ከፍ ያድርጉ ወይም ወደ ጎንና ወደፊት ያዘንብሉ፤ የመቀመጫ ቁስል የሚጀምረው በእንደዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። ማታ ቆዳዎ ይታይ። ቀይ ሆኖ የማይመለስ ቦታ ካለ በዚያ ላይ አይቀመጡ፣ ሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ጉዳይ ልጨርስ የሄድኩበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ዘበኞቹ «ችግር የለም፣ ተሸክመን እናስገባሃለን» ብለው አራት ሆነው አነሱኝ። መሃል ላይ አንዱ አዳለጠው። አልወደቅኩም፣ ግን ከዚያ ወዲህ መሄድ ፈራሁ። እምቢ ብል ደግሞ ጉዳዬ ይቀራል። (ከፒያሳ አካባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እምቢ በል። በቅንነት ነው ያነሱህ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ዊልቸሩና አንተ አንድ ላይ ከ150 ኪሎ ልታልፉ ትችላላችሁ። ደረጃ ላይ አራት ሰው እኩል አይራመድም። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ይወድቃል፣ ከላይ ያለኸው አንተ ነህ።

ጉዳይህ ግን አይቀርም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚጠቀሙና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስለዚህ ስትጠይቅ እንደ ለማኝ አትጠይቅ። ዘበኛውን «ኃላፊውን ወይም ጉዳዬን የሚይዘውን ሰው ጥራልኝ» በለው። ባለሙያው ወረቀቱን ይዞ ወደ አንተ ይውረድ፣ እዚያው በሩ ላይ ፈርም። ይህ ለዛሬ ነው። ለነገ ደግሞ ማመልከቻ ጻፍ፣ በሥራ ላይ ያለውን የሕንፃ አዋጅ ጥቀስ፣ መዝገብ ቤት አስገባ፣ ኮፒው ላይ ማህተምና ቀን አስመታ። በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል።

ማመልከቻው ውስጥ ልኩንም ጻፍላቸው። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት «ራምፕ (የዊልቸር መወጣጫ) ሠርተናል» ብሎ ደረጃው ላይ ሲሚንቶ ደፍቶ ይጨርሳል። ያ መንሸራተቻ ነው። አንድ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሦስቱ 45 ይሆናሉ፣ በ12 ሲባዛ 5 ሜትር ከ40 ነው። ከዚያ ያጠረ አይሁን። ከላይ በሩ ፊት ዊልቸር ቆሞ በር መክፈት የሚችልበት ሜዳ ይኑር፣ በጎንና ጎኑ ጎማ እንዳይወጣ ጠርዝ ይደረግለት፣ ላዩ ሻካራ ይሁን እንጂ ሴራሚክ አይልበስ። መጠኑን ሰጥተሃቸው «ቦታ የለንም» ካሉ ከጎን በኩል ታጥፎ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ግንበኛው ያውቀዋል። ማመልከቻውን ካስገባህ በኋላ ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ። እዚሁ ዓምድ ላይ እንከታተለዋለን።